በሐሙስ ችሎት ላይ የሳቀው አልጋ ጠፋሪ

የዚያችን አገር ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ከመካከላችሁ «የእናቴ አገር ናት» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው መጣላት አልፈልግም። ሩቅ ናት በቃ። ምን ያህል ሩቅ እንደሆነች ወደ መጨረሻው ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

በዚያች አገር አደባባይ መካከል የቤተ መንግሥት በር የሚያህል ቴሌቪዥን ቆሞ ነበር። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ «ስንወለድም ነበረ» ይላሉ፤ ሽማግሌ መቼም የማያውቀውን ነገር ሁሉ «ስንወለድም ነበረ» ማለት ልማዱ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። በዚህ ቴሌቪዥን ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ «የሐሙስ ችሎት» የሚባል ድራማ ይታያል። ጠበቃ ፈለቀች የምትባል ቆንጆ ለተበደሉ ትሟገታለች፤ ዐቃቤ ሕግ ነበልባሉ የሚባል ክፉ ሰው ጥርሱን እየነከሰ ያሳስራቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። በዚህ ነገር ያ ሁሉ ሕዝብ ለአሥራ ስድስት ዓመት አበደ።

አበደ ስል እያጋነንኩ አይደለም። የፈለቀች እናት ሆነው የሚጫወቱት ሴትዮ ድራማው ውስጥ የሞቱ ጊዜ በየሰፈሩ ድንኳን ተተከለ፣ አስለቃሽ ተጠራ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሴትዮዋ ራሳቸው በሰፈራቸው ድንኳን ገብተው ንፍሯቸውን በልተው፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ወጡ። ባል የነበልባሉ ደጋፊ፣ ሚስት የፈለቀች ደጋፊ እየሆኑ የፈረሰው ትዳር ብዛቱ አይነገርም። አንዷማ ለሽማግሌ ቀርባ «ከዐቃቤ ሕግ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም» ብላ ባሏን አባረረችው፤ ሰውዬው ግን አናጢ ነው።

እውነተኛው ፍርድ ቤት ባዶውን ቀረ። ዳኞቹ ሐሙስ ድራማውን ያያሉ፤ ዓርብ ስላዩት ያወራሉ፤ ሰኞና ማክሰኞ ይከራከሩበታል፤ ረቡዕ ነገ ምን ይሆን እያሉ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ንጉሡ ይህን ሰሙና «ለአንድ አገር ሁለት ችሎት ምን ያደርጋል? ሰው የሚያየውን እናስቀር» ብለው እውነተኛውን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ የተከሰሰ ሰው ሁሉ ድራማው ውስጥ እየገባ ይዳኝ ጀመር። ፍርዱን የሚሰጠው ተመልካቹ ነው። ዓርብ ጧት አስተያየት ሰብሳቢዎች ከረጢት ተሸክመው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ሰውም ስለ ተከሳሹ የተሰማውን ጽፎ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል።

ታዲያ ሰው እንዲሁ ደስ እንዳለው እንዳይሰማው ሹም ተሹሞለታል። ሹሙ ሊቀ እንባ ወሰንየለህ ይባላሉ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰገነት ላይ ቆመው ሦስት ጨርቅ ይይዛሉ። ጥቁሩን ሲያነሱ ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ቀዩን ሲያነሱ ይቆጣል፣ ቢጫውን ሲያነሱ ይስቃል። ጉንጭ ዳሳሾች የሚባሉ ሠራተኞች ደግሞ በመካከል እየተዘዋወሩ የእያንዳንዱን ሰው ጉንጭ በጣታቸው ይነካሉ። ጥቁር ተነሥቶ ጉንጩ ደረቅ የተገኘ ወዮለት። እንባ ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ በነጠላው ጫፍ ሽንኩርት ቋጥሮ ይወጣ ነበር።

የምነግራችሁ ታሪክ ባለቤት ትርንጎ ሽንኩርት ሻጭ ናት። ሽንኩርቷ ኃይለኛ ስለሆነ ረቡዕ ረቡዕ መደቧ በሰው ይጨናነቃል። አባትና እናቷ የሞቱባት ገና በልጅነቷ ነው፤ ያላት ስንሻው የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው። ስንሻው ጠፍር አልጋ ጠፋሪ ነው፤ ቆዳ በቀጭኑ ቀድዶ በእንጨት ላይ እየወጠረ አልጋ ይሠራል። እጁ የተባረከ ነው። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፦ ስለ አልጋ ማውራት ከጀመረ አያቆምም። አንድ ጊዜ ለሠርግ ተጠርቶ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሙሽራ ስለ አልጋ እየነገረ አስተኝቶታል። ሚዜዎቹ ናቸው ተሸክመው የወሰዱት።

አንድ ሐሙስ ጠበቃ ፈለቀች ተሸነፈች። ቤቷ ገባችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሊቀ እንባ ወሰንየለህ ጥቁሩን ጨርቅ ከፍ አደረጉ። ዘጠና ሺህ ሕዝብ ሽንኩርቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ዋይ አለ። በዚህ መካከል ስንሻው ከት ብሎ ሳቀ።

እዚያው ተያዘ። «በልቅሶ ላይ ሳቅ» የሚባል ወንጀል ነው፤ በዚያች አገር ከዚህ የሚከፋ ወንጀል የለም። የባሰው ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ ክፍል ሊታይ ሰባት ሐሙስ ብቻ መቅረቱ ነው። በመጨረሻው ክፍል፣ ተመልካች የሚያስታውሰው ነገር እንዲኖረው፣ በችሎቱ ካሉት ተከሳሾች አንዱ ገደል ይጨመራል። ድራማው ልብ ወለድ ነው፤ ገደሉ ግን እውነተኛ ገደል ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስንሻው ችሎት ቀረበ። ዳኛው ትልቅ ጺም የተለጠፈለት ተዋናይ ነው።

«ተከሳሽ! ጠበቃ ፈለቀች ስታለቅስ ስቀሃል ወይስ አልሳቅህም?»

«ስቄአለሁ፣ ጌታዬ። ግን አልጋው...»

«አዎ ወይስ አይደለም በል!»

«አዎ። አልጋው ግን...»

ዐቃቤ ሕግ ነበልባሉ ጥርሱን ነከሰ፤ ሙዚቃ ገባ። ትርንጎ ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል ተነሥታ «ወንድሜን! ያለ እሱ ማንም የለኝ!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ያለቀሰችው ከልቧ ነው። አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ጉንጭ ዳሳሹ መጥቶ እንባዋን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና መዝገቡ ላይ «ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም፤ ጥራቱ ያጠራጥራል» ብሎ ጻፈ።

ዓርብ ከረጢቱ ሞልቶ ተመለሰ። አስተያየቶቹ በአደባባይ ተነበቡ።

«ልጁ ዓይኑ ያሳዝናል። አንጀታችንን በላው። እባካችሁ እንዳይፈታ፤ በሚመጣውም ሐሙስ ልናየው እንፈልጋለን።»

«ገደል ይግባ። ከመግባቱ በፊት ግን ከጠበቃዋ ጋር ፍቅር ይያዘው።»

«የእህቱ ልቅሶ መልካም ነው፤ ነጠላዋ ግን ይለወጥ።»

«በዘንድሮው አራተኛ ክፍል የነበረችው በቅሎ የት ገባች?»

ውሳኔውም ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ተባለ።

ትርንጎ ታዲያ ያዘኑለት መሰላት። በሁለተኛው ሐሙስ ነጠላ ለውጣ መጥታ የበለጠ አለቀሰች። ሕዝቡ የበለጠ ወደደው፤ ቀጠሮ ተባለ። በሦስተኛው ሐሙስ እናቶች ለአራስ ልጆቻቸው ስንሻው የሚል ስም አወጡ፤ ወጣቶች ጠጉራቸውን እንደሱ ተቆረጡ፤ ከረጢቱ ውስጥ ከገቡት ወረቀቶች ግማሾቹ ግን «ቁመናው ለገደል ይስማማል፤ ሲወድቅ ያምርበታል» የሚሉ ነበሩ። በቅሎዋንም የጠየቀ ነበር። ፍቅር እንዲህ ከሆነ ጥላቻ ምን ሊሆን ነው? እኔ ይህን የነገረኝን ሰው «ውሸትህን ነው» ብዬው ነበር፤ «አንተ ድራማ አታይም እንዴ?» ብሎ አፌን አዘጋኝ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሐሙስ መካከል ባለው ረቡዕ፣ ገበያ ሊፈታ ሲል፣ ፊቱን በጋቢ የሸፈነ ሰው ትርንጎ መደብ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ጥቂት ሽንኩርት ቢሸጡልኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

ድምፁን አወቀችው። ነበልባሉን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ነው። የሚዛኗን ድንጋይ አነሣች።

«አንተ! ወንድሜን ለገደል እያሰናዳህ ደግሞ ሽንኩርት ትለኛለህ?»

«በእመብርሃን ያስቀምጡት!» አለና ጋቢውን ገለጠ። «እኔ ይታገሱ እባላለሁ። ጥርሱን የሚነክሰው ነበልባሉ ነው፤ እኔንማ ጥርሴን ያመኛል። ክፉ ሰው ነህ እያሉ ገበያው ሁሉ አልሸጥልህም ካለኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ ነው የምበላው።»

ትርንጎ ድንጋዩን አስቀመጠች። ሆዷ አይጨክንም፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት ምን እንደሚመስል ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የጋቢውን ጫፍ ሞልታ ሰጠችው። ይታገሱ ግራና ቀኙን አየና ጎንበስ አለ።

«ላደረጉልኝ ደግነት አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዚያ ችሎት በነጻ የወጣ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«የወደዱትን ደጋግመው እንዲያዩት ያቆዩታል። የጠሉትንም ደጋግመው እንዲጠሉት ያቆዩታል። እኔ እንኳ ልውጣ ብዬ በለመንኩ ቁጥር ሲጠሉኝ ደስ ስለሚላቸው አይለቁኝም። ዘንድሮ የወጣችው አንዲት በቅሎ ብቻ ናት።»

«ያቺ የሚጠይቋት በቅሎ?»

«እሷው። በአራተኛው ክፍል ለምስክርነት ቀርባ ዝም ብላ ቆመች። አላለቀሰች፣ አላናደደች፣ አላሳቀች። ሰው ሁሉ ሰለቻት። ያን ጊዜ ሊቀ እንባ 'ሩቅ አገር ሄዳለች' ብለው አሳወጁ። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፤ ተመልካች የሰለቸው ሩቅ አገር ሄደ ይባላል። ሩቅ አገር የሄደ ደግሞ አይከሰስ፣ አይዳኝ፣ አይፈረድበት። በቅሎዋ አሁንም ከግቢያችን ጓሮ ሣሯን ትግጣለች።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ስንሻው ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«እንግዲያውስ ችግር የለም» አለች። «ማሰልቸት ከሆነ ወንድሜን የሚችለው የለም።»

ሐሙስ ጧት ወደ እስር ቤት ገሠገሠች።

«ስንሻው፣ ዛሬ ሲጠይቁህ እንደ ቤትህ ተናገር።»

«እንደ ቤቴ ማለት?»

«ስለ አልጋ ነዋ! ከሥሩ ጀምረህ፣ ምንም ሳታስቀር።»

የስንሻው ፊት በራ። ቀጥሎ ግን ጠረጠረ። «እታለም፣ አሰልቺ ነህ ማለትሽ ነው?»

ትርንጎ መዋሸት አልሆነላትም። «ሠላሳ ዓመት ስለ አልጋ ስትነግረኝ እንቅልፍ ወስዶኛል፣ ወንድሜ። ግን ጥሩ እንቅልፍ ነበር። አንተ ከታሰርክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።»

ስንሻው ከፋውም፣ ደስም አለው። የእህቱን እጅ ያዘ። «እሺ» አላት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ነበልባሉ ተነሥቶ ጣቱን ቀሰረ። «ይህ ተከሳሽ የሳቀበትን ምክንያት አንድም ሳያስቀር ይናገር!» አለ። ከትርንጎ በቀር ማንም አላስተዋለም እንጂ፣ ጥርሱን ሲነክስ አንድ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ ነበር። ሕዝቡ ኑዛዜ ሊሰማ ነው ብሎ አጨበጨበ።

ስንሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ የአልጋ ነገር የሚጀምረው ከበሬው ነው» አለ። «በሬ ሁሉ ቆዳ አለው፤ ቆዳ ሁሉ ግን ጠፍር አይሆንም። የሰባ በሬ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ያልሰባ በሬ ቆዳ ይደርቃል። መካከለኛ የሆነ እንደሆነ ግን መካከለኛ ነው። ቆዳው በጥላ ነው እንጂ በፀሐይ አይሰጣም። በፀሐይ የተሰጣ እንደሆነ ምን ይሆናል? ወደዚያ እመጣለሁ። አሁን ግን ስለ ጥላ ጥቂት ልናገር። የዛፍ ጥላ አለ፤ የቤት ጥላም አለ...»

ሊቀ እንባ ወሰንየለህ የትኛውን ጨርቅ እንደሚያነሱ ጨነቃቸው። ጥቁሩን አነሡ፤ የሚያስለቅስ የለም። ቀዩን አነሡ፤ ሰው በምን ይቆጣ? በጥላ? ቢጫውን ቢያነሡም የሳቀ አልተገኘም። በዚህ መካከል ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ጉንጭ ዳሳሹ ሮጦ ያዘው። አዋጁ ተገለጠ፤ ከዳር እስከ ዳር ተነበበ። ያረቀቁት ሰዎች ማዛጋትን ረስተውታል፤ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ለቀቁት። ማዛጋት ደግሞ ከጉንፋን ይብሳል፤ ዳሳሹ ራሱ መዝገቡን ሳይዘጋ አዛጋ።

በአምስተኛው ሐሙስ ስንሻው ቆዳውን ውሃ ውስጥ ነከረ። «ሁለት ቀን ይነከራል። የወንዝ ውሃ ይሻላል ወይስ የጉድጓድ የሚለው አከራካሪ ነው። አባቴ የወንዝ ይሉ ነበር። አጎቴ የጉድጓድ ይሉ ነበር። በዚህ ምክንያት አይነጋገሩም ነበር። አለመነጋገራቸውን በዝርዝር ልንገራችሁ...» ያን ሐሙስ አደባባዩ ላይ ማንኮራፋት ተሰማ። ዳኛው ጺሙ ተንሸራቶ ደረቱ ላይ ቀርቷል፤ የሚመልሰው የለም።

በስድስተኛው ሐሙስ ስንሻው የነገሩ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

«እንግዲህ ጠፍር በቁመት ይወጠራል፤ ከዚያ በአግዳሚ እየተጠለፈ ይሠራል። በቁመት ብቻ ተወጥሮ በአግዳሚ ያልተጠለፈ አልጋ ሰው አይሸከምም። ጠበቃ ፈለቀች ተቀምጣ ያለቀሰችበት አልጋ በአግዳሚው አልተጠለፈም፣ ጌታዬ። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ እጁ ይባረክ አልለውም። ያ አልጋ አንድ ቀን ይወድቃል። የሳቅሁት በአልጋው ነው። በሰው እንባ የምስቅ ሰው አይደለሁም። እህቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

ይኸው እውነቱ ተነገረ። ሲነገር ነቅተው የሰሙት ትርንጎና ይታገሱ ብቻ ናቸው። በቅሎዋም ከጓሮ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ነበር ይላሉ። ዘጠና ሺህ ሕዝብ «ለምን ሳቀ?» እያለ ሲነታረክ ከርሞ፣ መልሱ በመጣለት ሰዓት ለጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ይህን ሳስብ እኔ አሁንም ያናድደኛል።

ዓርብ ከረጢቶቹ ባዷቸውን ተመለሱ። በአንዱ ብቻ «በቅሎዋስ?» የሚል ወረቀት ተገኘ። ወዲያው ነጋሪት ተጎሰመ፤ «ስንሻው ሩቅ አገር ሄዷል!» ተብሎ ታወጀ። ስንሻው በእስር ቤቱ በር ወጣ። በቅሎዋም አብራው እዚያው ሩቅ አገር ስለነበረች ይታገሱ ከጓሮ ፈትቶ ሰጠው። በጠራራ ፀሐይ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ በአደባባዩ መካከል ወደ ቤቱ ሄደ። መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ትርንጎ ከበር ወጥታ አቅፋው አለቀሰች፤ ጉንጯን የዳሰሰ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ኑሮው ትንሽ ግራ ሆነ። ሩቅ አገር የሄደን ሰው ማየት ክልክል ነውና ማንም አያየውም። ቅዳሜ ጎረቤታቸው እማማ ዘርትሁን ሊጠይቁ መጡ። ስንሻው አጠገብ ተቀመጡ።

«ምነው ትርንጎዬ፣ ወንድምሽ ደብዳቤ ጻፈ?»

«ጽፏል እማማ። ደኅና ነኝ ይላል።»

«እዚያ ብርዱ ክፉ ነው ይላሉ።»

«አይ፣ ብርድ እንኳ የለም» አለ ስንሻው ዳቦ እያቀበላቸው።

እማማ ዘርትሁን ዳቦውን ተቀበሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። «ነፋሱ የሱን ድምፅ ይመስላል እኮ!» አሉ። ከዚያ በመስኮት ወደ ግቢው ሲያዩ ደነገጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ያቺ በቅሎ... እሷም እዚያው ናት?»

«እዚያው ናት፣ እማማ። ሣር በሽ ነው አለ።»

«እፎይ! በየሳምንቱ የምጽፈው እኔ ነበርኩ እኮ፤ አንድ ሰው እንኳ አልመለሰልኝም።» ከበር ሲወጡ ዘወር ብለው ጨመሩ፤ «አልጋዬ ረግቧል። ስትጽፊለት ንገሪው።» ስንሻው መሣሪያውን ይዞ ከኋላቸው ተከተለ። በሦስት ቀን ውስጥ በሰፈሩ ያልጠበቀ አልጋ አልቀረም።

ሰባተኛው ሐሙስ ደረሰ፤ የመጨረሻው ክፍል። አገሩ ሁሉ አደባባይ ወጣ። ጠበቃ ፈለቀች ተሞሽራ፣ ከሙሽራው ጋር ያ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ተበርግዶ ነበልባሉ ገባ። «ፈለቀች! እኔ... አባትሽ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሊቀ እንባ ጥቁሩን ጨርቅ እስከ ጫፍ አነሡ። ዘጠና ሺህ ሽንኩርት ወደ ዘጠና ሺህ ዓይን ተጠጋ። ነበልባሉ ተንደርድሮ ልጁን ሊያቅፍ አልጋው ላይ ሲወጣ አልጋው ጠሽ አለና ሦስቱም ተያይዘው ወደ ታች ሰመጡ። ከላይ የሚታየው ስድስት እግር ብቻ ሆነ። የሙሽራው አንድ ጫማ ተስፈንጥሮ ወጣ።

ሕዝቡ ነጠላውን ነከሰ። ጥቁሩ ጨርቅ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። አንዱ ጉልበቱን ነከሰ፣ አንዷ የባሏን ትከሻ ነከሰች፤ ሊቀ እንባ ራሳቸው ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከበቅሎ ላይ፣ ስንሻው እንደገና ከት ብሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ጉንጭ ዳሳሾቹ ዘለው ተነሡ። «ማነው የሳቀው?»

«ማንም» አለ ሕዝቡ።

«ድምፅ ሰምተናል!»

«ከሩቅ አገር ነው» አሉ እማማ ዘርትሁን። «ዛሬ ነፋሱ ወደዚህ ነው።»

አዋጁ ተገለጠ፤ ሩቅ አገር ያለ ሰው አይከሰስም። ስንሻው እስኪበቃው ሳቀ፤ ዘጠና ሺህ ሕዝብ ደግሞ ሽንኩርት ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የእሱን ሳቅ ሲሰማ ዋለ። በዚያች አገር ከልቡ የሳቀ እሱ ብቻ ነበር። ገደሉስ? ገደሉ ያለ ሰው እንዳይቀር ሊቀ እንባ አልጋውን ከሰሱት፤ ተፈረደበትና ተጨመረ። ጥቁር ጨርቅ ስለተነሣለት በደንብ ተለቀሰለት።

በማግስቱ ዓርብ ጧት ትርንጎ መደቧን ስትዘረጋ ከመደቡ እስከ ወንዙ የደረሰ ሰልፍ አገኘች። ሽንኩርት የሚገዛ ግን የለም። አንዱ ተራው ሲደርስ ጎንበስ ይልና በጆሮዋ «ወንድምሽ የሄደበት አገር በየት በኩል ነው?» ይላታል። አናጢውም መጥቶ ነበር፤ ይታገሱም መጥቶ ነበር። ከሁሉ ፊት የቆመው ግን ፊቱን በኩታ የሸፈነ ትልቅ ሰው ነው። ኩታውን ገለጥ ሲያደርግ ሊቀ እንባ ወሰንየለህ ሆነው ተገኙ። በአንድ ሌሊት አርጅተዋል።

«ልጄ» አሉ ሊቀ እንባ፣ «ትናንት ሳቁን ሰማሁ። አሥር ዓመት ጨርቅ ሳነሣና ስጥል እኔ ራሴ ስቄ አላውቅም። እዚያ አገር እንዴት ይደረሳል?»

ትርንጎ ትክ ብላ አየቻቸው። የወንድሟን ገደል ያዘጋጁ ሰው ናቸው፤ አልረሳችውም። ዓይናቸው ግን ያለ ሽንኩርት ቀልቶ ነበር። በርጩማዋን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው።

«ይቀመጡ፣ ጌታዬ» አለች። «ስለ ጨርቆቹ ይንገሩኝ። ከየት እንደተገዙ፣ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ በየትኛው ፀሐይ እንደሚሰጡ... ምንም ሳያስቀሩ።»

ሊቀ እንባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ሰልፉ ከወዲያ ጫፍ ማዛጋት ጀመረ።

እኔም የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። ብትፈልጉ ንገሩት፣ ባትፈልጉ ተዉት። ስነግራችሁ ከመካከላችሁ ያንቀላፋ ካለ ግን አደራ፣ አትቀስቅሱት። መንገድ ላይ ነው።